ያልተቀነሰው ቁጥር

«ይሄን እጅ እሰሩልኝ! ወንድሜን የገደለው ይሄ እጅ ነው!»

«እህቴ፣ በልጄ ልማልልሽ፣ ቤቴ ነበርኩ!»

«ቤትህ ሆነህ ነዋ የጨረስከው! ትእዛዙ ከቤትህ እንደመጣ ዶክተሩ ራሳቸው አሳይተውኛል!»

መርማሪው በዩኒቨርሲቲው የኔትወርክ ላብራቶሪ በር ላይ ቆሞ የሟቹ እህት ከላብራቶሪው ቴክኒሻን ጋር የገጠመችው ጭቅጭቅ እስኪበርድ ጠበቀ። ባልደረቦቹ «ቀስ በቀስ» ይሉታል፤ እንቁላሉ በእግሩ እስኪሄድ የሚታገሥ ሰው ነው። ከመስታወቱ ግድግዳ ወዲያ፣ የሰርቨር ማሽኖቹ በሚያጉረመርሙበት ጠባብ ክፍል፣ ሁለተኛ ዲግሪውን ሊጨርስ ሦስት ሳምንት የቀረው ተማሪ አንሶላ ለብሶ ተጋድሟል። አንድ ጫማው ወልቋል።

ረፋዱ ላይ ልጁ ብቻውን ሳለ፣ የክፍሉ እሳት ማጥፊያ ጋዝ እሳት በሌለበት ተለቆ አየሩን አባረረው። የልቀቅ ትእዛዙ በኔትወርክ የመጣ ነው፤ በላኪነት የተመዘገበው አድራሻ ደግሞ የላብራቶሪው ቴክኒሻን የቤት ኮምፒውተር ነው። ቴክኒሻኑ በዚያ ሰዓት ትኩሳት የያዛትን የአራት ዓመት ልጁን ታቅፎ ነበር። ምስክሩ እሷው ብቻ ናት። እናት የላትም፤ አባቷ ከታሰረ የሚይዛት ዘመድም የለም።

«ያሳዝናል፤ ግን መዝገቡ ያው ነው» አሉ ዶክተሩ፣ የሟቹ የኔትወርክ መምህር።

«ዶክተር፣ እርስዎ የት ነበሩ?»

«ምድር ቤት፣ ፈተና ላይ። እሷን ጠይቃት።»

እሷ የተባለችው የሟቹ የክፍል ጓደኛ ናት፤ ዓይኗ በለቅሶ አብጧል።

«አብረን ነው የፈተንነው» አለች። «ስልክ ላናግር ብለው አንዴ ወጥተዋል።»

«ላፕቶፑን ይዘው?»

«ከብብታቸው ወርዶ ያውቃል እንዴ?»

«ሟቹስ እዚህ ምን ይሠራ ነበር?»

«ለጥናቱ በኔትወርክ መስመሩ የሚያልፈውን ሁሉ በማሽን እየቀዳ ነበር።»

«መቼ አቆመ?»

ልጅቷ ወደ መስታወቱ ዞረች። «ያቆመው ሰው የለም፣ ጋሼ። ማሽኑ አሁንም እየቀዳ ነው።»

መርማሪው ወንበር ስቦ አጠገቧ ተቀመጠ። «ምንም እንደማያውቅ ሰው አስረጂኝ። ደግሞም አላውቅም።»

አንድ ሰዓት ሙሉ አስረዳችው። ከዚያ አራቱንም በረጅሙ ጠረጴዛ ዙሪያ አስቀመጣቸው።

«ዛሬ ተማሪ ሆኛለሁ» አለ። «በኔትወርክ የሚሄድ መልእክት ሁሉ አንድ ቁጥር ይዞ ይነሳል፤ በመንገዱ ላይ ራውተር የሚባለውን አስተላላፊ መሣሪያ ባለፈ ቁጥር አንድ ይቀነስበታል። ተሳስቻለሁ፣ ዶክተር?»

«የመጀመሪያ ሳምንት ትምህርት ነው።»

«ከቴክኒሻኑ ቤት እዚህ ድረስ ዘጠኝ ራውተር አለ። የቤቱ ኮምፒውተር ከመቶ ሃያ ስምንት ስለሚጀምር፣ ትእዛዙ መቶ አሥራ ዘጠኝ ሆኖ መድረስ ነበረበት። ሟቹ የቀዳው ግን መቶ ሃያ ስምንት ይላል። አንድም አልተቀነሰም። ስለዚህ ትእዛዙ ከዚሁ ላብራቶሪ ተነሳ፤ አድራሻው በሰው ቤት ስም ተጻፈበት። ከምድር ቤት ቢላክ እንኳ አንድ ይጎድል ነበር።»

«እዚህ ሃያ ኮምፒውተር አለ» አሉ መምህሩ።

«ሃያዎቹም ከስልሳ አራት ነው የሚጀምሩት። የላብራቶሪው መስመር ደግሞ ካልተመዘገበ ላፕቶፕ ጋር አይገናኝም። የተመዘገበው አንድ ነው፤ የእርስዎ። ከመቶ ሃያ ስምንት ይጀምራል። መዝገቡ አድራሻ ብቻ እንደሚይዝ ያውቃሉ፤ ልጁ ሌላውን ሁሉ እየቀዳ መሆኑን ግን አላወቁም።»

«ለምን?» አለች እህትየው በሹክሹክታ።

መልሱን የሰጠችው የክፍል ጓደኛው ናት። «ዶክተር ለፕሮፌሰርነት ባቀረቡት ጥናት ይህን መስመር ሁለት ዓመት ለክቼዋለሁ ብለዋል። መስመሩ የተዘረጋው አምና ነው። እሱ ይህን ደረሰበት፤ መጀመሪያ ለእርሳቸው ልንገራቸው፣ አባቴ ማለት ናቸው አለኝ።»

መምህሩ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት።

እህትየው ወደ ቴክኒሻኑ ዞረች። «ይቅር በለኝ፣ ወንድሜ። ግን... እንዲህ ያለ ክፍል ደወል የለውም?»

«ነበረው። ጋዙ ሊለቀቅ ሠላሳ ሰከንድ ሲቀረው ይጮሃል።»

«ሠላሳ ሰከንድ ይበቃው ነበር?»

«በሩ አራት እርምጃ ነው።» ቴክኒሻኑ እጆቹን አየ። «በየፈተናው ያለ ምክንያት እየጮኸ ረበሸን ብለው ተማሪዎቹ ፈርመው አመለከቱ። እኔ ነኝ ገመዱን የነቀልኩት።»

«እኔም ፈርሜያለሁ» አለች የክፍል ጓደኛው። «ወረቀቱን ያዞረው ራሱ ወንድምሽ ነበር።»

መርማሪው ማስታወሻውን ሊዘጋ ሲል ተወው። ቴክኒሻኑን ከነፍሰ ገዳይነት አውጥቶታል፤ ይህኛው ግን ሌላ ክስ ነው። አለመጻፍም ይቻል ነበር።

«መቼ ነው የነቀልከው?» አለ በመጨረሻ።

ቴክኒሻኑ ቀኑን ነገረው። መርማሪው ጻፈው።

ፖሊሶች መጥተው መምህሩን ሲያነሷቸው እህትየው ልትናነቅ ዘለለች፤ ሁሉም እሷን ለመያዝ ተረባረበ። ከዚያም አስከሬኑ በጠባቡ ደረጃ እንዴት ይውረድ የሚል ክርክር ተነሳ፤ አንዱ በእግሩ በኩል ይቅደም ሲል ሌላው አይሆንም አለ። ቴክኒሻኑ ጎረቤት ዘንድ ትቷት ለመጣው ልጁ የሚሰጠው መድኃኒት ሰዓት አልፎ ነበር። ኮቱን ለበሰና በጀርባ በር ወጣ።