አንድ እጅ ቀለም

አባወራው ሳሎኑ ውስጥ፣ ከመሰላሉ ሥር በጀርባቸው ተዘርግተው ተገኙ። ጭንቅላታቸው ከኋላ ተፈንክቷል፤ አጠገባቸው የውድ ቀለም ባልዲና ሮለር አለ። ታላቁ ልጃቸው መርማሪዋ ገና ደጃፉን ሳትረግጥ ጥፋተኛውን ወስኖ ጨርሷል።

«ቀቢው ነው የገደላቸው! የሚነቃነቅ መሰላል ትቶ ሄደ፤ አባባ የቀረውን ልቀባ ብለው ወጡ። አሁኑኑ ይታሰርልኝ!»

ቀቢው በሩ ሥር አቀርቅሮ ቆሟል። መርማሪዋን መጠየቅ ስለማይሰለቻት ባልደረቦቿ «እሜቴ ለምን» ይሏታል፤ እንባ ሳያፈስ ጣት የሚቀስር ሰው ደግሞ ፈጽሞ አይጥማትም። ጎንበስ ብላ የሟቹን መዳፎች አየች። ንጹሕ ናቸው። ሮለሩ ግን እስከ እጀታው ተለውሷል።

ቀና ስትል ዓይኗ ግድግዳው ላይ ቀረ። ከመሰላሉ ራቅ ብሎ፣ በሰው ራስ ቁመት፣ ከነጩ ቀለም ሥር ቡናማ ነገር ብቅ ብሏል። ከጎኑ ያለውን ቦታ በእርጥብ መሐረብ አሸት አደረገችው። መሐረቡ ዱቄት የነካው መስሎ ተመለሰ።

«ቀለሙን ማን መረጠ?»

«እኔ ነኛ!» አለ ልጅየው። «አባባ ርካሹ ይበቃል ብለው ሲነዘንዙኝ ከረሙ። ገዢ ሊያይ ሲመጣ በርካሽ ቀለም ልዋረድ? ይኼ እኮ አንድ እጅ ከተቀባ የማይሸፍነው ነገር የለም።»

«ቤቱ ሊሸጥ ነው እንዴ?»

«አባባ እሺ አላሉም» አለች ታናሽ እህቱ ከጥግ። ዓይኗ በለቅሶ አብጧል። «እማማ ያረፈችበትን ቤት አልሸጥም ብለው ነበር።»

መርማሪዋ ወደ እናትየው ክፍል ገባች። ግድግዳው አዲስ ተቀብቷል። የመሐረቡን ንጹሕ ጫፍ አርጥባ ፈተገችው፤ ምንም አልለቀቀም። ቀቢውን እዚያው አስጠራችው።

«ውዱ ቀለም እዚህ ነው ያለው። ሳሎን ባለው ባልዲ ውስጥ ርካሹ ነው። ሰርቀህ ነው?»

«ኧረ በፈጠረዎት! ገልብጥ ያሉኝ ጋሼ ናቸው። ‹ጥሩው ለባለቤቴ ክፍል ይሁን› አሉ። ስገለብጥ ባልዲውን የያዘችልኝ ልጅቷ ናት። ለታላቁ እንዳልናገር ግን አስምለውኛል።»

«ልትታሰር ምንም አልቀረህም፤ ዝም ትላለህ?»

«የሙት አደራ ነው እኮ።»

መርማሪዋ ሦስቱንም ሳሎን ሰበሰበቻቸው።

«የቤቱ ቁልፍ ያላችሁ እናንተ ብቻ ናችሁ» አለች። «ሟቹ ሲቀቡ አልነበረም፤ እጃቸው ንጹሕ ነው። ከመሰላል አልወደቁም፤ ደሙ ያለው እዚህ ግድግዳ ላይ ነው። የገፋቸው ሰው ደሙን ጠራርጎ፣ ቀለም ቀብቶበት፣ እሳቸውን ወደ መሰላሉ ጎትቷል። ቀቢው ቢሆን የዚህ ቀለም አንድ እጅ እንኳን ደም፣ የእርሳስ ጭረት እንደማይሸፍን ያውቃል። እህትም ቀለሙ መገልበጡን ታውቃለች። አንድ እጅ ቀብቶ ተሸፈነልኝ ብሎ የሚሄድ፣ ባልዲው ላይ የተጻፈውን ያመነ ሰው ብቻ ነው።»

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል። ቡናማው ምልክት እነሱ ቆመው ሳለ እንኳ እየጎላ ነበር። ልጅየው ወንበር ላይ ዘፍ አለ።

«መግደል አልፈለግኩም» አለ። «‹ሬሳዬ ሳይወጣ አይሸጥም› አሉኝ። ተናደድኩና ገፋኋቸው…»

«ይኸው፣ ሬሳቸው ሊወጣልህ ነው» አለች እህቱ። «እንግዲህ ሽጠው።»

መርማሪዋ እንዲህ ባለው ቀን ሥራዋን ትጠላለች። እውነቱ ተገኝቶ ማንም አልተጠቀመም፤ ቀቢው እንኳ ነጻ ወጥቶ ሲያለቅስ ነበር።

«ይኼን ሁሉ ቀን ስገባ ስወጣ» አለ ልጅየው፣ «ቀለሙ መለወጡን እንዴት ሳላውቅ ቀረሁ?»

«እኔም ያውቁብናል ብዬ ፈርቼ ነበር» አለ ቀቢው። «ጋሼ ግን ሳቁብኝ። ‹አትፍራ፣ ልጄ የሚያየው ባልዲውን ነው፤ ግድግዳውን አያይም› አሉ።»

ልጅየው ቀና ብሎ ግድግዳውን አየ። ካቴናው ሲገባለትም ዓይኑን አልነቀለም።