የመብረቅ ብስኩት

የቡሬው በርበሬ ነጋዴ ገነነ ሞቶ የተገኘው ተንበርክኮ ነው። ለጸሎት ቢሆን ባማረበት። ከወገቡ በላይ የውሻው ቤት ውስጥ፣ ከወገቡ በታች ደጅ፤ ቀኝ እጁ የውሻውን የብስኩት ጣሳ እንዳቀፈ፣ ጢሙ ላይ ፍርፋሪ እንደተንጠባጠበ። ሃያ ዓመት ሙሉ የሰውን ሰላምታ ባገጩ ሲመልስ የኖረ ሰው፣ አጎንብሶ የገባበት ብቸኛ በር የውሻ በር ሆነ።

ዕለቱ ረቡዕ ነው፤ ሁዳዴ ከተያዘ አራተኛ ሳምንቱ። ገነነ ጾመኛ ነበር፣ ያውም አገር ያወቀው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አይቀምስም፤ አለመቅመሱን ደግሞ መንገደኛው ሁሉ እንዲያውቅለት ይፈልጋል። ዘበኛው ባዬ ሬሳውን ያየው አስር ሰዓት ላይ ነበር።

ኢንስፔክተር እንቁ ዓለምብርሃን ከፍኖተ ሰላም የደረሰችው ሬሳው ሳይነሣ ነው። አጭር ሴት ናት። ሰው ሲዋሻት አታቋርጠውም፤ እስኪጨርስ ትጠብቀዋለች። አብሯት የመጣው ሳጅን ሐብቴ አፍንጫውን ይዞ ራቅ ብሎ ሲቆም፣ እሷ ከሟቹ ጎን ተንበረከከችና ጣሳውን ወሰደች።

ብስኩቶቹ ሁሉ በአጥንት ቅርጽ የተቆረጡ ነበሩ። ከላይ ከተደረደሩት አንዱን ሰበረችው፤ ውስጡ ነጭ ሆኖ እንደ ደረቅ ጭቃ ተፈረካከሰ። ከታች ካሉት አንዱን ሰበረችው፤ ይሄኛው ብጫ ነበር። ነጩን አሸተተችው። ነጭ ሽንኩርት ይሸታል። ሁለቱንም ለየብቻ በላስቲክ አሸገች፤ ያሸተተችውን ግን ለሐብቴም አልነገረችውም። ሐብቴ የሰማውን ሁሉ ለሻይ ቤት ግብር የሚከፍል ሰው ነበር።

ውሻው መብረቅ ደጅ ታስሮ ያላዝን ነበር። ከትልቅ ከተማ የመጣ፣ ትከሻው እንደ ወይፈን የሰፋ የፈረንጅ ዘር ነው። በዚያ ግቢ ከልቡ ያዘነ እሱ ብቻ ይመስል ነበር።

በማግስቱ የምርመራው ውጤት መጣ፤ ነጩ ብስኩት ውስጥ ያለው የእህል ነጋዴ ሁሉ መጋዘኑ የሚያስቀምጠው የነቀዝ መርዝ ነው። ብጫው ንጹሕ ነው። ሐብቴ ነገሩ አልቋል ባይ ነበር። የመብረቅን ብስኩት የምትጋግረው ፍኖተ ሰላም ዳቦ ቤት ያላት ሕሊና ናት፤ ስለዚህ የገደለችውም ሕሊና ናት። ልጅቱ ዓርብ ጠዋት ለጥያቄ ጣቢያ ስትመጣ፣ ወሬው ከእሷ ቀድሞ ከተማውን ዞሮ ነበር።

ሕሊና ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። መጋገርን ያስተማራት የለም፤ እያሳረረች ተማረችው። አላለቀሰችም።

«የሱቄ በር ላይ ‹የመርዝ ዳቦ› ብለው በከሰል ጽፈውበታል» አለች። «እስከ እሑድ በነጻ ካልወጣሁ፣ ከዚያ በኋላ መላእክት ቢመሰክሩልኝ ከእኔ ዳቦ የሚገዛ የለም። ይግባዎት።»

«ገብቶኛል። ብስኩቱ ውስጥ ምን ትጨምሪበታለሽ?»

ሕሊና ከቦርሳዋ ጫፉ ቅቤ የጠገበ ደብተር አወጣች። መብረቅ የሚሮጥ ውሻ ነው፤ በቀን አሥር ኪሎ ሜትር ይሮጣል፤ ስለዚህ ጉልበት የሚሆነው ነገር ያስፈልገዋል። የአጃና የገብስ ዱቄት፣ እንቁላል፣ የአጥንት መረቅ፣ የተፈቀፈቀ ካሮት። ስኳር የለም፣ ጨው የለም። ዘቢብና ቸኮላት ለውሻ መርዝ ነው። ሽንኩርትማ ቀይም ሆነ ነጭ ደሙን ያበላሸዋል። መጠኑም ቢሆን ከቀን ምግቡ ከአሥር እጅ አንዱን እንዳያልፍ ለባዬ በስልክ አስጠንቅቃዋለች። ይህን ሁሉ ያገኘችው አንብባ፣ ከዚያም በራሷ ውሻ ሞክራ ነው።

«ሁዳዴ ሲገባስ እንቁላሉንና መረቁን ትተሻል?»

ሕሊና ሴትየዋ ጤና የላትም ብላ የጠረጠረች ይመስል ትኩር ብላ አየቻት። «ውሻ አይጾምም ኢንስፔክተር።»

እንቁ በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች።

ቡሬ ተመልሳ መጀመሪያ ያነጋገረችው የሟቹን ሚስት ወይዘሮ ካሰችን ነው። ካሰች ለቅሶ ድንኳን ውስጥ ቀጥ ብላ ተቀምጣለች፤ ነጠላዋን አዘቅዝቃለች እንጂ ዐይኗ ደረቅ ነው። ባሏ ስኳር በሽተኛ ስለነበር ጣፋጩንም ዳቦውንም ቆልፋበት ነበር።

«የውሻውን ብስኩት እንደሚበላ ያውቁ ነበር?»

«ሠላሳ ዓመት አብሬው ኖሬ ጢሙን ማየት ያቅተኛል?» አለች ካሰች። «እኔ ሽሮ አቅርቤ ስጠብቅ እሱ ከውሻ ጋር ማዕድ ይቆርሳል። ሁዳዴ ሲገባ ግን ተወው። ስስታም ነው እንጂ ጾም አይገድፍም፤ እንቁላል እንዳለበት ያውቃል።»

«ከማን ጋር ተጣልቶ ነበር?»

ካሰች መልሷን ያዘገየችው ለማሰብ ሳይሆን ለማጣጣም ነበር። የገነነ የእህት ልጅ ያረጋል ጅጋ ከተማ ያለች ልጅ ሊያጭ ነው፤ ሽማግሌ ሆኖ እሑድ እንዲሄድለት አጎቱን ለምኖ ነበር። ገነነ እሄዳለሁ አለ፤ ከሄድኩ ግን ለልጅቱ አባት እውነቱን ነው የምናገረው ብሎ ጨመረ። እውነቱ ደግሞ ይሄ ነው፦ ያረጋል ደቡብ አፍሪካ የውሻ ሥልጠና ተምሬ መጣሁ የሚለው ውሸት ነው፤ እነዚያን ሁለት ዓመታት አዲስ አበባ አንድ ሆቴል ውስጥ ሳህን ሲያጥብ ነው የከረመው።

ቀጥሎ ባዬን ጠየቀችው። ባዬ በሟቹ ብዙ ጊዜ ተሰድቧል፣ አንዴም ተመትቷል፤ ብስኩቱን ቅዳሜ ቅዳሜ ከሚኒባስ የሚቀበለውም እሱ ነው። የተጠርጣሪ ነገር ሁሉ ተሟልቶለት ነበር፣ ከፊቱ በስተቀር። ፊቱ ምንም መደበቅ አይችልም።

«አያ ባዬ፣ ረቡዕ ዕለት ውሻው የት ነበር?»

«ያረጋል ለሩጫ ይዞት ወጣ፣ እመቤቴ። ከስምንት እስከ አስር።»

«ሁልጊዜ በዚያ ሰዓት ነው የሚሮጠው?»

«ኧረ ምን በወጣው። ማለዳ ነው የሚሮጥ። በመጋቢት ጠሐይ ውሻ ማን ያስሮጣል? ምላሱን ጎልጉሎ ነው የተመለሰ። እኔ እንጃ፣ የተማረ ሰው ነው ብዬ ዝም አልሁ።»

የተማረው ሰው መጋዘኑ በር ላይ ፊሽካ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ቆሞ ነበር። ያረጋል ቀበቶው ላይ የውሻ ማሠሪያ፣ ንግግሩ ላይ የፈረንጅ ቃል፣ ፊቱ ላይ መሰልቸት የማይለየው ሰው ነው። በከተማው ሀብታም ሁሉ ግቢ ገብቶ ውሻ «ያሠለጥናል»፤ ውሾቹ እንደ ድሯቸው ይጮኻሉ፣ ባለቤቶቹ ግን አንገታቸውን ማቅናት ተምረዋል።

የሌባ ሥራ ነው አላት፤ ሌባ መጋዘኑን ሊዘርፍ ፈልጎ ውሻውን ለመግደል ብስኩቱን መረዘው፣ አጎቱም በስሕተት ቀመሱት። ሕሊናም ተከፍሏት ይሆናል። እንቁ እስኪጨርስ ጠበቀችው።

«አጎትዎ የውሻ ብስኩት የመብላት ልማድ ነበራቸው?»

«አጎቴ? በፍጹም። ይሄ ለቤተሰባችን ስድብ ነው።»

እንቁ አመሰገነችውና ሄደች። የዚያኑ ዕለት ማታ የፍርድ ቤት የብርበራ ማዘዣ አወጣች፤ ማዘዣውን ለሐብቴ የሰጠችው በማግስቱ ጠዋት ነው፣ ሻይ ቤት እንዳያድር።

ሣልስቱ በተበላ ማግስት፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ እንቁ ሰዎቹን በርበሬ በሚያስነጥስበት መጋዘን ውስጥ ሰበሰበች። ካሰች ወንበር ላይ፣ ባዬ መብረቅን ይዞ፣ ሕሊና በፖሊስ ታጅባ፣ ያረጋል ግድግዳ ተደግፎ። ለቅሶ የመጡት ደግሞ ከበሩ ውጭ ቆመው የማይሰሙ መስለው ይሰማሉ። ጠረጴዛው ላይ እያንዳንዳቸው በሦስት ድርብ ላስቲክ የታሸጉ ሁለት ብስኩቶች ነበሩ።

«ከብጫው ልጀምር» አለች እንቁ። «ይሄ የሕሊና ነው፤ ብጫ ያደረገው እንቁላል ነው። ነጩ መርዝ ያለበት ነው። እንቁላል የለውም፣ መረቅ የለውም። ቅርጹን አስመስለው ቆርጠውታል፤ ግን የጾም ብስኩት ነው። አሁን ንገሩኝ፤ ውሻ ለመግደል የሚነሣ ሌባ የውሻውን ጾም ይጠብቅለታል?»

ውጭ አንድ ሰው ሳቀ፤ ለቅሶ ላይ መሆኑን አስታውሶ ሳቁን ወደ ሳል ለወጠው።

«ስለዚህ የተጋገረው ለጾመኛ ሰው ነው። እኝህ ሰው የውሻቸውን ብስኩት ይወዳሉ፤ በፍስክ ሲበሉት ኖረው ሁዳዴ ሲገባ ከለከላቸው። አንድ ሰው መጣና፣ አይዞዎት የጾም ነው አላቸው። የጾም መሆኑ ባይነገራቸው አይነኩትም ነበር። ገዳዩ ማለት ይህን ነውራቸውን የሚያውቅ ሰው ነው። ሕሊና እዚህ ግቢ ረግጣ አታውቅም፤ ጣሳው የሚጎድለው በመብረቅ ሆድ ይመስላት ነበር። ወይዘሮ ካሰች ያውቃሉ፤ ግን ባላቸውን ለመመረዝ የውሻ ጣሳ ምን ያደርግላቸዋል? ሽሮው በእጃቸው ነው።»

«በእጄ ነበር» አለች ካሰች። «አላሰብኩትም ብዬ አልዋሽም።»

«ባዬ ያውቃል፤ ግን ከዚያው ጣሳ በእጁ እያወጣ መብረቅን የሚያበላው እሱ ነው። ይሄን ውሻ የሚወደውን ያህል የሚወደው ሰው የለውም። የሚወደውን የሚያበላበት ጣሳ ውስጥ መርዝ አይጨምርም።»

ባዬ ዐይኑን ውሻው ጀርባ ላይ ተከለ።

እንቁ ነጩን ብስኩት አነሣችና በመጨረሻ ወደ ያረጋል ዞረች፤ ድምፅዋ ለስልሶ ነበር። «አቶ ያረጋል፣ እርስዎ ባለሙያ ነዎትና አንድ ነገር ያርሙኝ። መርዙን እንተወውና፣ ይሄ ለመብረቅ ከሕሊናው አይሻለውም? እንቁላል የለው፣ ቅባት የለው፤ ሆድ አይከብድም። እሷ በራሷ አንብባ ነው፤ ይሄን የጋገረው ግን የውሻ ነገር የገባው ሰው ይመስለኛል።»

ያረጋል ዝም ማለት ይችል ነበር። ሞኝም ቢሆን ዝም ይል ነበር። ኩራተኛ ስለሆነ ግን ሳቀ።

«ይቅርታ ኢንስፔክተር፣ ይሄ የእርስዎ ሙያ አይደለም። የሚሮጥ ውሻ ያለ ፕሮቲን? ደግሞስ ነጭ ሽንኩርት የተለወሰበት ብስኩት ለውሻ? ደሙን ነው የሚያበላሸው። ይሄን እኮ ጀማሪም ያውቀዋል።»

እንቁ ነጩን ብስኩት ቀስ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ መለሰችው።

«ነጭ ሽንኩርቱን ማን ነገረህ?» አለች እንቁ። እስከዚያ ድረስ «እርስዎ» ስትለው ነበር።

«ሸ... ሸተተኝ።»

«በሦስት ላስቲክ ታሽጎ? ያውም በዚህ ሁሉ በርበሬ መሐል? የመርዙን ሽታ ለመደበቅ ነጭ ሽንኩርት እንደገባበት የማውቅ እኔ ነኝ፣ የመረመሩት ናቸው፣ አጎትህ ናቸው። እኔ አልነገርኩህም፤ እነሱም አያውቁህም፤ አጎትህ ደግሞ ከበሉት በኋላ አላወሩም። ለውሻ እንደማይስማማ እያወቅህ የጨመርክበት፣ ውሻ እንደማይበላው ስለምታውቅ ነው። መብረቅን በጠራራ ፀሐይ ይዘኸው የወጣኸውም ለሩጫ አይደለም፤ አጎትህ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ጣሳው ዘንድ ብቻቸውን እንዲሆኑ ነው።»

ስልኳ ጮኸ። ሐብቴ ነበር፤ ያረጋል ከተከራየው ክፍል ነው የሚደውለው። አዳመጠች፣ ዘጋችው።

«አልጋህ ሥር የነቀዝ መርዝና ሙቀጫ ተገኝቷል። ሙቀጫው ውስጥ ነጭ ሽንኩርቱ ደርቆበታል።»

ያረጋል ግድግዳውን ለቀቀ። የተሰላቸ ፊቱ ሲወርድ ሥሩ የነበረው የልጅ ፊት ነበር። «ሳህን አጣቢ ሊለኝ ነበር» አለ። «ጅጋ ድረስ ሄዶ፣ በአማቼ ፊት።»

«ሳህን ማጠብ ነውር የለውም» አለች እንቁ። «ነውሩ ሁለት ዓመት አጥበህ አንድ ሙቀጫ ማጠብ አለመማርህ ነው።»

ይዘውት ሲወጡ ለቀስተኛው መንገድ ለቀቀለት፤ ቀና ብሎ ለማለፍ ሞከረ፣ ፊሽካው ደረቱ ላይ እየተወዛወዘ። መብረቅ አልተከተለውም።

ሐብቴ ተመልሶ መጥቶ ለሕሊና አንድ ነገር ሊላት ሲያመነታ፣ እንቁ የልቡን ጨረሰችለት። ይቅርታው ይቆይና፣ ፍኖተ ሰላም እንደደረሰ ባልዲና ጨርቅ ይዞ የሱቁን በር ያጥባል፤ በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው እያየው። ሕሊና ሐብቴን ከእግር እስከ ራሱ ለካችው።

«ሳሙናውንም ይዘህ ና» አለችው። «ከእኔ ቤት የምትወስደው የለም።»

ቦርሳዋን አንሥታ ልትወጣ ስትል ካሰች ከወንበሯ ጠራቻት። ድንኳኑ ሁሉ እንዲሰማ አድርጋ ነው የጠራቻት፤ ለለቅሶ ያልወጣው ድምፅ ለዚህ ሞልቶ ወጣ።

«አንቺ ልጅ፣ የመብረቅ ብስኩት እንዳይቋረጥ። ቅዳሜ ቅዳሜ እንደ ድሮው ለባዬ ላኪለት። ለእኔ ቤት ደግሞ በየቀኑ ሃያ ዳቦ፤ ለቀስተኛው በአንቺ እጅ የተጋገረውን ነው የሚበላ።»

ደጅ የቆሙት ሴቶች እርስ በርስ ተያዩ። የሱቋ በር ላይ በከሰል የጻፉት ዘመዶቻቸው ይሁኑ እነሱ ራሳቸው አይታወቅም፤ አሁን ግን አንዷ ፈጥና የሕሊናን ቦርሳ ተቀበለቻት።

ካሰች አልጨረሰችም። ባዬ ለመብረቅ አንድ ብጫ ብስኩት ሲሰጠው፣ ውሻውም ሁለቴ አኝኮ ሲውጠው ተመለከተች።

«ጾሙ ሲፈታ ደግሞ» አለች፣ «ለእኔም አንዲት ጨምሪልኝ። ከሽሮዬ ምን እንደበለጠበት ልቅመሰው።»