አረንጓዴው ፓራፋንጎ

«ራቅ አድርገሽ ንፊው! ካስጠጋሽው ይንጠባጠብብሻል» አለ ሞዴል፣ አፍንጫውን በሸሚዙ እጅጌ ሸፍኖ።

ብሎን ጣሳውን ራቅ አደረገችና ተጫነችው። ጥቁሩ ቀለም እንደ ጭስ ተነፍቶ ከብስክሌቷ የኋላ ጎማ በላይ የተቆለመመውን ፓራፋንጎ አለበሰው። ይህ ጭቃ መከላከያ ቆርቆሮ እስከዚያች ሰኞ ድረስ የዋዛ አረንጓዴ አልነበረም፤ ከሩቅ የሚጣራ አረንጓዴ ነበር። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ጠፋ።

«ነፍስ!» አለ ሞዴል። «አሁን ሰው መሰለች። ቀሪዋን ዓርብ እንጨርሳታለን።»

ብሎን እውነተኛ ስሟ አይደለም። ኪሷ ከብሎን ተለይቶ ስለማያውቅ አጎቷ ያወጣላት ነው፤ እናቷ እንኳ ልብስ ስታጥብ ጣቷን በወጋት ቁጥር «አንቺ ብሎን!» እያለች ነው የምትቆጣት። ሞዴልም ሞዴል የተባለው ፀጉሩን ሳያበጥር ቆሻሻ ለመድፋት እንኳ ስለማይወጣ ነው። ሁለቱ ስምንተኛ ክፍል አንድ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። ቅዳሜ ትምህርት ቤታቸው የእጅ ሥራ ትርዒት ያሳያል፤ ብሎን በስድስት ወር የገጣጠመቻትን ብስክሌት ይዛ ልትቀርብ ስሟን አስመዝግባለች።

ብስክሌቷ ከአንድ ቦታ አልመጣችም። ዋናው ብረቷ ከአሮጌ ብረት ክምር ሥር ዝጎ የተገኘ ነው። የፊት ጎማዋን፣ ግራና ቀኝ ከሚይዘው ቀይ ሹካ ጋር፣ የሰጣት ዳቦ አከፋፋዩ ነው። መሪዋን የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ከቤቱ ጓዳ አወጣላት። ኮርቻዋን እናቷ ከአውቶብስ ወንበር በተረፈ ቡናማ ቆዳ ሰፍታ አለበሰችው። የኋላ ጎማዋና አረንጓዴው ፓራፋንጎ ደግሞ የሲስተር ናቸው። ሲስተር ማዕዘኑ ላይ ያለው ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ የሚኖሩ ጡረተኛ ነርስ ናቸው፤ ጉልበታቸው ደረጃ አልወርድም ካላቸው ቆይቷል። ብስክሌታቸው ከደረጃው ሥር ተቀምጣ ስትበላሽ፣ ደህና የቀረውን አስፈትተው ለብሎን ሰጧት።

ሞዴል ግን መጀመሪያ እንዳያት ስም አወጣላት፤ «ድሪቶ!»

«ድሪቶ ለብሳ ትርዒት አትወጣም» አላት። «እመኚኝ፣ ክፍሉ በሙሉ ሙድ ይይዝብናል። አንድ ዓይነት ጥቁር ብናደርጋት ግን ከሱቅ የወጣች ነው የሚሉት።»

በአፉ ብቻም አልቀረም። የማስታወቂያ ሰሌዳ የሚጽፈው ወንድሙ ዘንድ ሁለት ሳምንት ሙሉ ብሩሽና ባልዲ ሲያጥብ ከርሞ፣ ሦስት ጣሳ ጥቁር ቀለም ይዞላት መጣ። ጥፍሩ ሥር የገባው ቀይ ቀለም እስካሁን አልለቀቀም። ለልብሱ ያን ያህል የሚሳሳ ልጅ! ብሎን እንዴት ብላ እንቢ ትበለው?

ማክሰኞ ከትምህርት ቤት በብስክሌቷ ስትመለስ ማዕዘኑ ጋ ቀና አለች። ሲስተር እንደ ወትሮው መስኮታቸው ሥር ተቀምጠዋል። ሌላ ጊዜ እሷ ስታልፍ እጃቸውን ያነሳሉ። ዛሬ አላነሱም። ረቡዕም አላነሱም፤ እንዲያውም አንገታቸውን አስግገው፣ እሷ ከመጣችበት አቅጣጫ የቀረ ሰው እንዳለ ሁሉ መንገዱን ያያሉ።

አሟቸው ይሆን ብላ ብስክሌቷን ምሰሶ ላይ አሰረችና ደረጃውን ሮጠች።

«ማነው? አንቺ ነሽ እንዴ የኔ ልጅ!» አሉ ሲስተር በሩን ከፍተው። ፊቷን ለመለየት ግንባራቸው ግንባሯን እስኪነካ ተጠጉ። «ብስክሌቷ ምን ሆነች? ከሰኞ ወዲህ አላለፈችም።»

ብሎን ጥፍሯ ሥር የደረቀውን ጥቁር ቀለም አስታወሰች። እጇን ወደ ኋላ አደረገች።

«ጥገና ላይ ናት ሲስተር» አለች። ብስክሌቷ ግን እታች ቆማለች።

«በይ ቶሎ ጠግኛት፣ አደራ። ሻዬን አስረሳሽኝ እኮ!»

«እንዴት ሲስተር?»

«እኔ ከዚህ ወንበር ሆኜ የሰው ፊት አልለይም። አረንጓዴዋን ግን እለያታለሁ። እሷ ስታልፍ አሥር ሰዓት ሆነ ብዬ ሻይ እጥዳለሁ። ይኸው ትናንት ትመጣለች ስል ሻይ ሳልጠጣ መሸ፤ ዛሬም እየጠበቅኳት ነው።» ጥርስ በሌለው ጎናቸው ሳቁ።

«እጅዎን ሲያነሱ... እኔ እኮ ለመንገደኛው ሁሉ ሰላም የሚሉ ይመስለኝ ነበር።»

«ለመንገደኛው? መንገደኛውን የት አየሁትና! ለእሷ ነው እንጂ። ሃያ ስድስት ዓመት፣ ዝናብ አላለች ፀሐይ አላለች፣ ጤና ጣቢያ አመላልሳኛለች። ያኔ ስጣደፍ አንድ ቀን እንኳ ዞር ብዬ አይቻት አላውቅም። አሁን ጊዜ ተረፈኝ፤ ባለፈች ቁጥር አመሰግናታለሁ።» የብሎንን ትከሻ መታ መታ አደረጉ። «አንቺም አለሽበት። ከጣልኳት አነሳሽልኝ።»

ብሎን ደረጃውን ወረደች። ጥቁሩን ፓራፋንጎ ቀና ብላ ማየት አፈረች።

አጎቷ የአውቶብስ ጋራዥ ሜካኒክ ነው፤ ጎማ የሚያሽከረክረው ኩሽኔታ እንዴት በግራሶ ቅባት እንደሚታሽ፣ የተጣመመ ጎማ እንዴት እንደሚቃና ያስተማራት እሱ ነው። ከሥራ ሲገባ በር ላይ ጠበቀችው።

«ጋሼ፣ ቀለም ከቀለም ላይ ይነሳል?»

አጎቷ ከፓራፋንጎው ፊት ቁጢጥ አለ። «ሳትቀቢው በፊት በብርጭቆ ወረቀት ፈትገሽዋል?»

«አልፈተግኩትም። ሰነፍኩ።»

«ስንፍናሽ ይባረክ!» ብሎ ከት አለ። «ያልተፈተገ ብረት ቀለም አይዝም። ያንቺው የሁለት ቀን ጨቅላ ነው። የሲስተር ግን ፋብሪካ ውስጥ በእሳት የበሰለ ነው፤ በቀላሉ አይለቅም። ጨርቅሽን ቀለም ማሟሟቻው ቲነር ውስጥ ንከሪና አባብይው። በጉልበት ከታገልሽው ግን ሁለቱንም ታጪያለሽ።»

አባበለችው። ጥቁሩ እያለቀሰ ጨርቁ ላይ ወረደ። መጀመሪያ እንደ ጥፍር የምታክል አረንጓዴ ብቅ አለች፤ ቀጥሎ መዳፍ የምታክል። አንድ ጥግ ላይ በርትታ አሸችና ትንሽ ተላጠ፤ ከዚያ በኋላ እጇን አለዘበች። ለእራት ሲጠሯት ሦስት ጨርቅ ጨርሳ ነበር።

ሐሙስ አሥር ሰዓት ላይ ማዕዘኑ ጋ ስትደርስ ፍጥነቷን ቀነሰች። ሦስተኛ ፎቅ ላይ እጅ ተነሳ። ብሎንም መሪዋን በአንድ እጇ ይዛ እጇን አነሳች፤ እንደማይታይ እያወቀች። ወንበሩ ወዲያው ባዶ ሆነ። ሻይ ሊጣድ ነው።

ለሞዴል ግን አልነገረችውም። ትምህርት ቤትም ብስክሌቷን ከክፍሎቹ ጀርባ፣ እሱ በማያይበት አቆመቻት። ዓርብ ከሰዓት ቀሪውን ሊቀቡ እነብሎን ግቢ ሲመጣ ራሱ አየው።

«ቀለሜን አራገፍሽው?»

«አራገፍኩት።»

«ለምን?» ድምፁ ቀጠነ። «ሁለት ሳምንት ባልዲ ያጠብኩት ለቀልድ ነው?»

ብሎን ከሲስተር መስኮት ጀምራ ነገረችው። ሻዩን፣ ሃያ ስድስት ዓመቱን፣ የዋሸችውን ውሸት ሳይቀር። ሞዴል ፀጉሩን ሊያስተካክል እጁን አነሳና ሳይነካው መለሰው።

«ነገ ግን ይስቁብናል» አለ በመጨረሻ።

«ይሳቁ። ቀዩ የዳቦ አከፋፋዩ ነው፣ ቡናማው የእማዬ ነው እላቸዋለሁ። ሲስቁም እየሰሙ ይስቁ።»

«እና የኔ ጣሳ ተረፈ በይኛ።»

ብሎን ዝጎ የነበረውን ዋና ብረት በጣቷ አንኳኳች። ትናንት ማታ ብርጭቆ ወረቀት ይዛ ጥጋጥጉ ሳይቀር ፈትጋዋለች፤ በዚህኛው አልሰነፈችም። «ይሄ የማንም አይደለም። ከክምር ሥር ነው ያወጣሁት። የሰጠኝ ሰው የለውም።» ጣሳውን አንስታ ሰጠችው። «ይሄን አንተ ስጠኝ።»

ሞዴል ጣሳውን ተቀበለ። ጥቂት ነቀነቀው፤ ውስጡ ቀለሙን የምታማስለው ትንሽ ኳስ ተንቀጫቀጨች። እጅጌውን ሰበሰበና ብረቱን ከላይ ወደ ታች፣ ሳይቸኩል፣ ራቅ እያደረገ ነፋው። ሲጨርስ ወደ ኋላ ሄዶ ተመለከተ፤ ተመልሶ መጣ። አንዲት ትንኝ ተጣብቃለች ብሎ ሊያነሳ ሲሞክር የአውራ ጣቱ አሻራ እርጥቡ ቀለም ላይ ቁልጭ ብሎ ቀረ።

«ውይ! አበላሸሁት። ቆይ፣ ደግሜ ልንፋው።»

ብሎን ጎንበስ ብላ አየችው። ከኮርቻው ሥር፣ ፈልጎ የሚያየው ሰው ብቻ የሚያገኘው ቦታ ላይ ነው።

«ተወው» አለች፣ ጣሳውን ከእጁ ወስዳ ክዳኑን እየገጠመች። «ይድረቅ።»