ያልተከፈቱት ስድስት ካርቶኖች

አቶ ኃይለኢየሱስ በሃያ ስድስት ዓመት የግምጃ ቤት ሥራቸው አንዲት ሚስማር እንኳ አላጎደሉም። ይህን የሚሉት እሳቸው ብቻ አይደሉም፤ ከደብረ ብርሃን ወደ ጣርማ በር በሚወስደው መንገድ ዳር ባለው የወፍ ዋሻ ዩኒቨርሲቲ የሚሠራ ሁሉ ይመሰክርላቸዋል። ጠዋት ሁለት ሰዓት ሲሆን ካፖርታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው፣ የቁልፍ ዘለላቸውን ከቀበቷቸው አንጠልጥለው ይደርሳሉ። መጥረጊያም ትሁን ማተሚያ ማሽን፣ ያለ ደረሰኝ አትገባም፣ ያለ ፊርማ አትወጣም።

ብዙ ሰው የማያውቅባቸው ሌላም ጠባይ ነበራቸው፤ ነገር የማወቅ ጉጉታቸው የሕፃን ያህል ነበር። አዲስ ዕቃ ሲመጣ በካርቶኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ ከላይ እስከ ታች ያነባሉ፤ ሥዕሉን በጣታቸው ይከተላሉ። ከዚያ ግን ጉጉታቸውን ዋጥ አድርገው ዕቃውን መደርደሪያ ላይ ያወጡታል። መጠየቅ የመምህራን ነው፣ የእኔ ሥራ መጠበቅ ነው ብለው ያምኑ ነበርና።

አምና የካቲት ላይ ስድስት ካርቶኖች ከስኮትላንድ መጡ። የላካቸው ዩኒቨርሲቲውን ለመርዳት እዚያው የተቋቋመ አንድ የበጎ አድራጎት ማኅበር ነው። አባላቱ አብዛኞቹ ጡረታ የወጡ የእንስሳት ሐኪሞችና መምህራን ናቸው። ከዩኒቨርሲቲው የእንስሳት ጤና ክፍል ጋር አብረው ሊያስተምሩና አብረው ሊመራመሩ ተስማምተው፣ ለመጀመሪያው ሥራ የሚሆኑ ስድስት ማይክሮስኮፖች አሰባስበው ላኩ። አንዳንዱ አዲስ ነው፤ አንዳንዱም አባላቱ ከገዛ ጠረጴዛቸው አንሥተው የሰጡት ነው።

በማግስቱ የቤተ ሙከራ ባለሙያዋ እናናየሁ ግምጃ ቤት ደረሰች። የሠላሳ ዓመት ሴት ናት፤ የጣርማ በር በግ አርቢ ልጅ፣ እግሯም አንደበቷም ፈጣን።

«ጋሼ፣ ማይክሮስኮፖቹ መጡ አሉ!»

«መጥተዋል።»

«ሁለቱን ዛሬ ልውሰዳቸው? ያለን አንድ አሮጌ ነው፤ እሱም መብራቱ ከተቃጠለ ሰንብቷል። ተማሪ የማስተምረው በመስኮት ብርሃን ነው።»

«እናንዬ፣ ይህ እኮ ከሰው አገር የመጣ አደራ ነው። ዕቃ ከአያያዝ ይቀደዳል። ነገ አንዱ ቢሰበር ማን ሊጠየቅ ነው? አዲሱ ቤተ ሙከራ ይለቅና የክፍሉ ኃላፊ ፈርመው ያወጡታል።»

«አዲሱ ሕንፃ ገና ጣሪያ እንኳ የለውም!»

«ይደርሳል። እስከዚያው እኔ ጋ ምን ይሆናል ብለሽ ነው? ብርድ አይነካቸውም።»

ይህን ሲሉ ከልባቸው ነበር። ካርቶኖቹን ከሁሉ ከፍ ባለው መደርደሪያ ላይ ደርድረው፣ ከቤታቸው ባመጡት የመንዝ ባና ሸፈኗቸው። የክፍሉ ኃላፊም ሲጠየቁ «እንግዶቹ ሲመጡ ባዲስ ሕንፃ ውስጥ፣ ባዲስነታቸው ቢያዩዋቸው ያምርብናል» አሉ። እናናየሁ መጀመሪያ በየሳምንቱ፣ ቀጥሎ በየወሩ እየመጣች ጠየቀች። ኋላ ሰለቻትና ተወችው።

ክረምቱ ገባ፣ ወጣም። በጥቅምት መጀመሪያ ወይዘሮ አመተ ማርያም የሚባሉ የጣርማ በር ገበሬ በፌስታል የበግ በጠጥ ቋጥረው በሚኒባስ መጡ። ባላቸው ከሞቱ ስድስት ዓመት ሆኗል። ሀብታቸው ዐሥራ አራት በጎች ናቸው፤ ደብረ ሲና ቤት ተከራይታ ዐሥራ አንደኛ ክፍል የምትማር ሴት ልጅም አለቻቸው። በጎቹ ይከሳሉ፤ የዓይናቸው ቆብ ውስጡ ነጥቷል፤ አገጫቸው ሥር እንደ ከረጢት ውኃ ቋጥሯል።

እናናየሁ አሮጌውን ማይክሮስኮፕ መስኮት ሥር አስጠጋችው። ሰማዩ ግን ጉም ለብሶ ነበር፤ ሌንሱ የሚያሳያት ጥቁር ጥላ ብቻ ሆነ። ቢቸግራት ናሙናውን ሌላ ከተማ ወዳለ ቤተ ሙከራ ላከችው። መልሱ በአምስተኛው ሳምንት መጣ። እስከዚያ ወይዘሮ አመተ ማርያም ገበያ ላይ «ይህ የሳንባ ነው» የተባሉትን መድኃኒት ገዝተው ሲያጠጡ ሰነበቱ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ መልሱ ሲደርስ ዐሥራ አንዱ በጎች አልቀዋል። ልጅቱም የቤት ኪራዩ ተቋርጦ ከነደብተሯ ወደ ቤቷ ተመልሳለች።

ኅዳር ላይ ሴትዮዋ እንደገና መጡ። ወደ ቤተ ሙከራው የሚወስደው መንገድ ጠፍቷቸው በግምጃ ቤቱ መስኮት አንገታቸውን አስገቡ።

«ጌታዬ፣ የበግ ነገር የሚያውቅ ሰው ነበር የምፈልግ።»

«እኔ ንብረት ክፍል ነኝ፣ እትዬ። ባለሙያዋ ምሳ ወጥታለች።»

«እርስዎስ የዩኒቨርሲቲ ሰው አይደሉ? ልክሰስ ብዬ አልመጣሁም። የሞተውማ ሞቷል። ስሙን ነግረውኝ ነበር በስልክ፤ ትል ነው አሉኝ። እኔ ግን በጎቼ ሲታረዱ ትል አላየሁም። ምን ዓይነት ትል ነው? ከየት ገባባቸው? ይህን ሳላውቅ ሌላ በግ ብገዛ ምን ይጠቅመኛል?»

አቶ ኃይለኢየሱስ «ይጠብቋት፣ ትመጣለች» አሉ። ሴትዮዋ ደጃፉ ላይ ተቀምጠው እናናየሁን ሲጠብቁ፣ እሳቸው ወረቀት ያገላብጡ ጀመር፤ ልባቸው ግን ከወረቀቱ ላይ አልነበረም። በእርግጥስ ትሉ ከየት ገባ? አንዲት ማንበብ የማትችል ባላገር ይህን ያህል ስትጠይቅ፣ እኔ ሃያ ስድስት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ተቀምጬ ምን ጠየቅሁ? የሚል አሳብ መጣባቸው። ቶሎም ገፉት።

በጥር የማኅበሩ ተወካይ መጡ። ዶክተር አይልሳ ይባላሉ፤ ሰባ ዓመት የተጠጋቸው፣ ቀጭን፣ ዕድሜያቸውን በሙሉ በበግ ሕክምና የኖሩ ሴት ናቸው። እናናየሁ እያስተረጎመች ግምጃ ቤት ይዛቸው ገባች። አቶ ኃይለኢየሱስ ያን ቀን ክራባት አስረው ነበር። መሰላል ላይ ወጡና ባናውን እንደ ሙሽራ ዓይነ ርግብ ቀስ ብለው ገለጡት።

«እንደመጡ ናቸው!» አሉ በኩራት። «ማሸጊያቸው እንኳ አልተነሣም። አንድም እጅ አልነካቸው።»

ምስጋና ሲጠብቁ እንግዳዋ የካርቶኖቹን ማሸጊያ ተመለከቱ። ከዚያ አንድ ባዶ ሣጥን ላይ ተቀመጡ።

«ዐሥራ አንድ ወር ሙሉ አንድም ሰው አላየባቸውም ማለት ነው?» ሲሉ ጠየቁ።

እናናየሁ አንገቷን ደፍታ አስተረጎመች። አቶ ኃይለኢየሱስ አሁንም አልገባቸውም። «ማንም አልነካቸውም በያቸው እንጂ!» አሏት።

ዶክተሯ ካርቶኖቹን አንድ በአንድ ከፈቱ። የሁለቱ ሌንስ እንደ ሸረሪት ድር ያለ ሻጋታ አብቅሏል፤ የክረምቱ እርጥበት ታሽጎባቸው ከርሟል። ከአራተኛው ካርቶን ግን ከታች መስታወት ያለው፣ በፀሐይ ብርሃን የሚሠራ አሮጌ የናስ ማይክሮስኮፕ ወጣ። ከእግሩ ሥር ትንሽ ወረቀት አለ። እናናየሁ ጮክ ብላ አነበበችው፦

«ይህ የባለቤቴ ነበር። አርባ ዓመት ከበጎች ጋር ኖሮበታል። እባካችሁ ደረቅ ቦታ ይቀመጥ፤ በየቀኑም ይሠራበት። ምን እንዳያችሁበት ጻፉልኝ።»

«ይህች ሴት» አሉ ዶክተር አይልሳ፣ «በየስብሰባው ላይ ደብዳቤ መጣ ወይ እያለች ትጠይቀኛለች። ምን ብዬ ልመልስላት?»

አቶ ኃይለኢየሱስ ሻጋታ የበላውን ሌንስ አንሥተው ወደ መስኮቱ ያዙት። ማንም አልሰረቀውም። ማንም አልጣለውም። ከገዛ እጃቸው ላይ፣ ከገዛ ባናቸው ሥር ነው የተበላሸ። ፊታቸው ጠቆረ። ሌንሱን እያገላበጡ «ያ የሴትዮዋ በጎች በሽታ» አሉ ቀስ ብለው፣ «በዚህ ይታይ ነበር?»

«ይታይ ነበር፣ ጋሼ» አለች እናናየሁ።

«በስንት ጊዜ?»

«በአንድ ሰዓት።»

የመውጫ ደረሰኛቸውን አወጡ። የክፍሉ ኃላፊ ፊርማ በሚያርፍበት ቦታ ላይ የራሳቸውን ስም ጻፉና ፈረሙ። «እኔ እጠየቅበታለሁ። ነገ ጣርማ በር እንሂድ። እኔም አብሬ እመጣለሁ፤ ትሉን ላየው እፈልጋለሁ» አሉ።

በማግስቱ የናሱን ማይክሮስኮፕ ታቅፈው ከእናናየሁና ከዶክተር አይልሳ ጋር ሚኒባስ ውስጥ ተቀመጡ። ከጣርማ በር ዋሻ ወዲህ ሲወርዱ ብርዱ አጥንት ይሰብር ነበር። ወይዘሮ አመተ ማርያም ደጃቸው ላይ ያለውን የድንጋይ ካብ ጠርገው ጠበቋቸው። እናናየሁ ከተረፉት ሦስት በጎች የወሰደችውን በጠጥ በውኃ በጥብጣ፣ አጥልላ፣ እስኪዘቅጥ አቆየችው። ጉሙ ሲገለጥና ፀሐይ መስታወቱ ላይ ስታርፍ ጠብታውን አስገባች።

«እርስዎ ይቅደሙ» አሉ አቶ ኃይለኢየሱስ ለባለቤቲቱ።

ወይዘሮ አመተ ማርያም ጎንበስ ብለው በአንድ ዓይናቸው አዩ። «እንደ ስንዴ ፍሬ ያለ ነገር አያለሁ። ቢጫ ነው፤ ወርቅ ይመስላል።»

«እሱ እንቁላሉ ነው» አለች እናናየሁ። «ትሉ በጉበት ውስጥ፣ በሐሞት ቧንቧ ተደብቆ ይኖራል። ጉበቱን ሰንጥቆ ላላየ አይገኝም።»

አቶ ኃይለኢየሱስ ተራቸው ሲደርስ መጀመሪያ ያዩት የገዛ ሽፋሽፍታቸውን ነበር። ዶክተሯ አንገታቸውን በቀስታ አስተካከሉላቸው፤ ያን ጊዜ ወርቃማው ፍሬ በብርሃን መሐል ተንሳፎ ታያቸው። ቀና አሉ፤ ዳግም ጎነበሱ። «ወይ አምላኬ! ይህች ናት ያን ሁሉ በግ የጨረሰች?»

ወይዘሮ አመተ ማርያም ግን ዓይናቸው ከማይክሮስኮፑ ላይ ነበር።

«ይህ መነጽር መቼ ነው የመጣው?» አሉ።

እናናየሁ ልትናገር ስትል አቶ ኃይለኢየሱስ ቀደሟት።

«አምና የካቲት ነው፣ እትዬ። እዚያው ነበር። እኔ ቆልፌበት ነው።»

ሴትዮዋ ወደ ቤታቸው ዞሩ። ልጃቸው ከደጃፉ ላይ ሆና ታያቸዋለች። በመጨረሻም «እንግዲያው ከእንግዲህ አይቆለፍበት» አሉና ለእንግዶቹ ውኃ ሊያመጡ ገቡ። አቶ ኃይለኢየሱስ ቢሰደቡ ይሻላቸው ነበር።

ውኃ ከተጠጣ በኋላ ሁሉም ወደ መስኩ ወረዱ። ዶክተር አይልሳ የትሉን መንገድ አስረዱ፦ እንቁላሉ ከበጉ ወደ ረግረጉ ይወርዳል፤ ከዚያ በትንሽ ቀንድ አውጣ ሰውነት ውስጥ ያድጋል፤ ወጥቶ ሣር ላይ ይጣበቃል፤ በግ ሣሩን ሲግጥ ይገባበታል።

«የጎረቤቴ የብዙአየሁ በጎችም እዚሁ ነው የሚግጡ» አሉ ወይዘሮ አመተ ማርያም። «የእሱ አንድም አልሞተበት።»

አቶ ኃይለኢየሱስ ቀልባቸው ተሳበ። «እናንዬ፣ ጠይቂልኝ እስቲ። አንድ መስክ፣ አንድ ሣር፤ የእሱ በጎች ለምን ተረፉ?»

ዶክተሯ ጥያቄውን ሰምተው ረግረጉን አዩ፣ ኮረብታውን አዩ። «አላውቅም» አሉ።

«አላውቅም አሉ?» አቶ ኃይለኢየሱስ ደነገጡ። «ይህን ያህል አገር አቋርጠው የመጡት ሊያስተምሩን አይደለም እንዴ?»

እናናየሁ ፈገግ ብላ አስተረጎመችላቸው። ዶክተር አይልሳም ሳቁ። «እኛ ጋ መሣሪያና መጻሕፍት አሉ። ይህን መስክ ግን አናውቀውም። ዓመቱን ሙሉ ለዩኒቨርሲቲያችሁ የጻፍነው አንድ ነገር ነው፤ ማወቅ የምትፈልጉት ምንድን ነው? ብለን። የመጣልን መልስ የዕቃ ዝርዝር ብቻ ነበር። ዛሬ ገና ጥያቄ ሰማሁ።»

ወይዘሮ አመተ ማርያም «ብዙአየሁ ጤዛው ሳይረግፍ በግ አያወጣም» አሉ። «ስንፍና ነው እያልን እንስቅበታለን። እኔ ጎሕ ሲቀድ ነው የማወጣ።»

ዶክተሯ ማስታወሻ ደብተራቸውን ከኪሳቸው መዘዙ። «እባክዎ ይድገሙልኝ፤ ከመጀመሪያው ጀምረው» አሏቸው።

ምክንያቱ ጤዛው ይሁን አይሁን ያን ቀን የሚያውቅ አልነበረም። ዛሬም ገና እየተጠና ነው። የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች በየወሩ የሁለቱን ጎረቤቶች በጎች ይመረምራሉ፤ ወይዘሮ አመተ ማርያም በየማለዳው ስለ ጤዛው የሚናገሩትን ልጃቸው ትመዘግባለች። ያመለጣት የትምህርት ዓመት አልተመለሰላትም፤ መስከረም ላይ እንደገና ከዐሥራ አንደኛ ክፍል ትጀምራለች። የሞቱትም በጎች አልተመለሱም። ይህን ደብቀን ታሪኩን ማሳመር አይገባም።

ወገኖቼ፣ በየመሥሪያ ቤታችን ላስቲኩ ያልተነሣለት ስንት ኮምፒዩተር፣ ገጹ ያልተገለጠ ስንት መጽሐፍ አለ! «እንዳይሰበር» እያልን የቆለፍንበት ሁሉ ለአንድ ሰው መልስ ሳይሰጥ ይሻግታል። ዕቃን መጠበቅ አደራ ነው፤ ዕቃው የመጣበትን ጉዳይ መፈጸም ግን ከዚያ የሚበልጥ አደራ ነው። ሩቅ ያለ ወዳጅ እጁን ሲዘረጋልንም የእኛ ድርሻ መቀበል ብቻ አይደለም። የራሳችንን ጥያቄ ይዘን መቅረብ አለብን፤ እሱን ማንም ከውጭ ሊልክልን አይችልም።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ወደ ሚኒባሱ ከመመለሳቸው በፊት አቶ ኃይለኢየሱስ ጫማቸውን አወለቁ፤ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበታቸው ሰበሰቡ። እናናየሁ «ጋሼ፣ ብርዱ ይገድልዎታል!» ብትላቸው አልሰሟትም። በረግረጉ መሐል ጎንበስ ብለው ሣር ሲፈትሹ ቆዩና፣ ከባቄላ ፍሬ የምታንስ አንዲት ቀንድ አውጣ በመዳፋቸው ይዘው ቀና አሉ።

«ይህች ትሆን?» ብለው ተጣሩ፤ ሦስቱም ሴቶች ሊያዩዋት ወደ ውኃው ገቡ።