ክላክስ የናፈቀው ደጅ

እኔ ፀጉር አስተካካይ ነኝ። ምላሱ ከመቀሱ ይፈጥናል ይሉኛል፤ እውነታቸውን ነው። ዛሬ ግን የተነሳሁት ወሬ ለማሳመር አይደለም። መንገድ ላይ ለምትውሉ ሁሉ አንድ የማውቀውን ነገር ላካፍላችሁ ብዬ ነው። በሞተር የምትሄዱም በመኪና የምትሄዱም ጆሮ ስጡኝ።

ሱቄ ያለው አንድ ባለ ፎቅ ቤት ሥር ነው። ከራሴ በላይ ባልና ሚስት ይኖራሉ። ሚስትየው ልብስ ሰፊ ናት፤ የስፌት ማሽኗ ከጠዋት ጀምሮ ጣሪያዬ ላይ ሲንገጫገጭ ይውላል። ባልየው በሞተር ዕቃ አድራሽ ነው። ያዘዙት ነገር በሰዓቱ ስለሚደርስ ጓደኞቹ "ደራሽ" ይሉታል፤ ሚስቱ ራሷ እንኳ ስትቆጣ ካልሆነ በእውነተኛ ስሙ አትጠራውም።

ደራሽ አመሻሽ ላይ ሲመለስ ደጃችን ቆሞ ክላክሱን ሁለት ጊዜ ያሰማ ነበር፤ ጢጥ፣ ጢጥ። ጎረቤት የሚረብሽ አልነበረም። ወዲያው የስፌት ማሽኑ ቀጥ ይላል። ቀጥሎ የነጠላ ጫማዋ ድምፅ በደረጃው እየተጣደፈ ይወርዳል። ሞተሩ ኮሪደሩ ውስጥ ስለሚያድር የብረቱን በር የምትይዝለት እሷ ናት። በር መያዙ ሰበብ ነው እንጂ በሩንስ ድንጋይም ይይዘዋል። ደንበኞቼ "ጋሼ፣ የእርስዎም ሚስት እንዲህ በር ይዘው ነው የሚጠብቁዎት?" እያሉ ይተርቡኛል። "የእኔዋ በር የምትይዘው እንዳልገባ ነው" እላቸዋለሁ።

አሁን ወደ ሞተረኞቹ ልማድ ልምጣ። የደራሽና የጓደኞቹ መሰብሰቢያ ከሱቄ ማዶ፣ የትራፊክ መብራቱ አጠገብ ነው። እነሱ ዘንድ "ቀይ መብራት እረፍት ነው" የሚል አነጋገር አለ። መብራቱ ሲይዛቸው ነዳጅ ለመቆጠብ ብለው ሞተሩን ያጠፋሉ፤ ሄልሜታቸውን አውልቀው ስፖኪዮው፣ የኋላ ማሳያው መስታወት ላይ ይሰቅላሉ፤ ላባቸውን እየጠረጉ ጎን ለጎን ይቀላለዳሉ። ከፊታቸው መኪና፣ ከኋላቸው የመጣው ይምጣ! ይህን የማያደርግ አንድ በዕድሜ የገፋ ሞተረኛ ብቻ ነበር። እሱ ሁልጊዜ ወደ ረድፉ ጠርዝ ጠጋ ብሎ ይቆማል፤ ሞተሩን አያጠፋም፣ ዓይኑንም ከስፖኪዮው አይነቅልም። "አባ ጥግ" የሚል ስም አወጡለት። "አባ ጥግ፣ ማን እየተከተለዎት ነው? አማትዎ ናቸው?" ይሉታል። ከሁሉም አብልጦ የሚስቀው የእኛው ደራሽ ነበር።

አንድ ቀን ደራሽ ሚስቱ የሰፋቻቸውን ትራሶች ለደንበኛ ሊያደርስ በትልቅ ቦርሳ አዝሎ ወጣ። ቀይ መብራት ያዘው። ረድፉ መሐል ገብቶ አንድ የጭነት መኪና ጭራ ላይ ተለጥፎ ቆመ፤ እንደ ልማዱም አረፈ። ከኋላ የሚመጣው ሾፌር በዚያች ቅጽበት ስልኩ ላይ መልእክት ገብቶለት እያነበበ ነበር። መልእክቱ "የት ደረስክ?" የሚል ነው፤ ሌላ ቁም ነገር የለውም። ፍሬን የያዘው፣ ብረት ከብረት ሲጋጭ ከሰማ በኋላ ነው። የደራሽ ቀኝ እግር በገዛ ሞተሩና በጭነት መኪናው መካከል ተጨፈለቀ። ወደ ኋላ ሲወድቅ ጭንቅላቱን ያተረፉለት በጀርባው ያዘላቸው የሚስቱ ትራሶች ናቸው።

ሾፌሩ ክፉ ሰው አልነበረም። ሆስፒታል ድረስ እየተመላለሰ አልቅሷል፤ ጥፋቱንም ለፖሊስ ሳይደብቅ አምኗል። እንባ ግን አጥንት አይጠግንም።

ደራሽ ከሆስፒታል ሲወጣ ጎረቤት ተረባርቦ ተሸክሞ ደረጃውን አወጣው። ከዚያ በኋላ ወራት አለፉ። ደራሽ ቀኑን ሙሉ መስኮቱ ሥር ተቀምጦ ማዶ ያሉትን ሞተሮች ያያል። ዓይኑን ጨፍኖ በድምፃቸው ይለያቸዋል፤ "የዚህኛው ሰንሰለት ላልቷል" ይላል ለራሱ። ነፋሱ ናፈቀው። ማለዳ ከተማው ሳይነቃ ባዶው ድልድይ ላይ ሲያልፍ በሸሚዙ እጅጌ የሚገባው ብርድ ሳይቀር ናፈቀው።

የሚስቱ ናፍቆት ግን ሌላ ነበር። አንድ ቀን አመሻሽ ላይ መቀሷን እንድስልላት ወረደች። እየሳልኩ ሳለ ደጅ ላይ የሌላ ሰው ሞተር ክላክስ አሰማ። ብድግ ብላ ወደ በሩ ተራመደች፤ ደጃፉ ጋ ስትደርስ ትዝ አላትና ቆመች።

"ጋሼ" አለችኝ ጀርባዋን እንደሰጠችኝ፣ "ቤት ውስጥ ያለ ሰው ይናፈቃል?"

"ምን ማለትሽ ነው ልጄ?"

"ቀኑን ሙሉ አጠገቤ ነው። እግዜር ይመስገን፣ ተርፎልኛል። ግን መምጣቱ ናፈቀኝ። በሩን መያዝ ናፈቀኝ።"

አንገቴን ደፍቼ መቀሷን መሳሌን ቀጠልኩ።

እግሩ እያደር ዳነ፤ ትንሽ ማነከስ ብቻ ቀረችው። ሐኪሙ መንዳት ትችላለህ አለው። ሞተሩም ተጠግኖ ኮሪደሩ ውስጥ ቆመ። ቁልፉ ግን በክር ታስሮ ሚስቱ አንገት ላይ ተንጠልጥሏል። አልሰጥም አለች። ያንን ክላክስ ከሰው ሁሉ አብልጣ የምትናፍቀው እሷ፣ እንዳይሰማ የከለከለችውም እሷ! አልፈርድባትም። በሩን ይዛ የምትጠብቀው ሰው አንድ ቀን ሳይመጣ ቢቀርስ?

ነገሩ የፈነዳው ወንበሬ ላይ ነው። ደራሽ ፂሙን ሊላጭ ወርዶ ፊቱ በአረፋ እንደተሸፈነ ሚስቱ ተከትላው መጣች።

"ቁልፉን ስጪኝ" አላት። "እንዲህ መስኮት ሥር ተጎልቼ መኖር አልችልም።"

"አልሰጥም አልኩህ፣ አልሰጥም!"

"ምን አጠፋሁ? ቆሜ እኮ ነበር! ሕግ አክብሬ፣ ቀይ መብራት ላይ! የቆመ ሰው ምን ጥፋት አለው? ጥፋቱ የሾፌሩ ነው።"

"አዎ፣ ጥፋቱ የሾፌሩ ነው" አለችው። "እግሩ ግን ያንተ ነው።"

"እና ምን ላድርግ? ከኋላ የሚመጣውን በምን ልየው?"

እዚህ ላይ አላስቻለኝም። ፎጣዬን አነሳሁና መስታወቴን ሸፈንኩት። ከዚያ ምላጬን ይዤ ወደ ጉሮሮው ተጠጋሁ።

"ጋሼ! ምን እያደረጉ ነው? ፎጣውን ያንሱት፣ እጅዎን ልየው!"

"ከጉርምስናህ ጀምሮ የላጨሁህ ሰው ነኝ፤ የእኔን እጅ ካላየሁ ትላለህ። ከኋላህ የሚመጣውን፣ ስሙን እንኳ የማታውቀውን ሾፌር ግን ሳታየው ታምነዋለህ። ስፖኪዮ ለምን የተሠራ ይመስልሃል?"

ደራሽ የተሸፈነውን መስታወት አየ። "ሄልሜቴን ሰቅዬበት ነበር" አለ ቀስ ብሎ።

ሚስቱ ይህን አታውቅም ነበር። "ራስህ ላይ አልነበረም?"

"አልነበረም። ሞተሩንም አጥፍቼው ነበር። ሁላችንም እንደዚያ ነው የምናደርገው። ቢያንስ ባየው፣ ቢያንስ ሞተሩ ቢነሳልኝ..." አልጨረሰውም።

እሷ ተራ የሚጠበቅበት አግዳሚ ላይ ተቀመጠች። "እነዚያን ትራሶች ወፍራም አድርጌ የሰፋሁት ደንበኛዋ ስለለመነችኝ ነው" አለች። ያን ቀን ደራሽ ቁልፉን ደግሞ አልጠየቃትም።

በማግስቱ እያነከሰ ማዶ ተሻገረና አባ ጥግ ፊት ቆመ። "ስቄብዎታለሁ፤ ይቅር ይበሉኝ። አቋቋም ያስተምሩኝ" አለው። አባ ጥግ "ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ" ብሎ ሊተርበው ይችል ነበር፤ አላለውም።

"ከፊትህ ያለው መኪና ላይ አትለጠፍ፤ የምትወጣበት ክፍተት ተው። ረድፉ መሐል አትግባ፣ ጠርዝ ያዝ። ሞተርህ አይጥፋ፤ አንደኛ ማርሽ ላይ ሆነህ ፍሪሲዮኑን ያዝ። የሚመጣው እንዲያይህ የፍሬን መብራትህን ደጋግመህ አብራ። ከኋላህ አንድ መኪና መጥቶ ቀጥ ብሎ እስኪቆም ድረስ ዓይንህ ስፖኪዮው ላይ ይሁን። ፍጥነቱን ካልቀነሰ በክፍተቱ ውልቅ በል።"

"ሄልሜቱስ?"

"እሱ ቤትህ ስትገባ ይወልቃል።"

ሚስቱ ግን በወሬ አላመነችም። "ከኋላህ ተቀምጬ ልየው" አለች። ለዚያች ጉዞ ብቻ ቁልፉን ከነክሩ ሰጠችውና ከተማውን ዞሩ። ሲመለሱ ሱቄ ፊት ያለው መብራት ያዛቸው። ደራሽ ጠርዝ ይዞ፣ ክፍተቱን ትቶ ቆመ፤ ሄልሜቱ ራሱ ላይ ነው። ሞተረኞቹ ከማዶ "አባ ጥግ ትንሹ!" እያሉ ጮሁበት። ሳቀ፤ ዓይኑን ግን ከስፖኪዮው አላነሳም። እሷ ይህን ከኋላው ሆና አየች። ደጃችን ሲደርሱ ወረደችና እጇን ዘረጋች፤ ቁልፉን መለሰላት። ክሩን እንደ ልብስ ሰፊ በጥርሷ በጠሰችውና ባዶውን ቁልፍ መዳፉ ላይ አስቀመጠችለት።

እንግዲህ ወገኖቼ፣ ነገሩ ይኸው ነው። ሾፌሮች፣ "የት ደረስክ?" የሚላችሁ ሰው የሚፈልገው እንድትደርሱ ነው፤ ስልኩን ተዉትና ድረሱ። ከፊታችሁ የቆመው ሞተረኛም በር ይዞ የሚጠብቀው ሰው አለው። ሞተረኞች ደግሞ ሾፌር ሁሉ ያየኛል ብላችሁ አትመኑ። ጥፋት የማን እንደሆነ ፖሊስ ይለየዋል፤ አጥንታችሁን ግን ከእናንተ በቀር የሚጠብቅላችሁ የለም። ነግ በኔ በሉ።

ደራሽ ዳግም ሥራ የጀመረበት ቀን ሲመሽ የስፌት ማሽኑ አይሰማም ነበር። እኔም የአንድ ደንበኛ ፀጉር ግማሹን ብቻ አስተካክዬ ጆሮዬን ወደ ደጅ አቅንቻለሁ። ሰውየው "ጋሼ፣ ይጨርሱኝ እንጂ" ቢለኝ "ዝም በል!" አልኩት። ጨለማው እየቀረበ መጣ። ከላይ እሷ ከበር ወደ መስኮት፣ ከመስኮት ወደ በር ስትመላለስ እግሯ ይሰማኛል።

ጢጥ፣ ጢጥ።

የነጠላ ጫማው ድምፅ በደረጃው ወረደ። የብረቱ በር ሲከፈት እኔም ብቅ አልኩ። አንገቷ ላይ ሜትሯን እንዳንጠለጠለች በሩን ይዛለች።

"ምን አስመሸህ?" አለችው።

"ቀይ መብራት በዛብኝ።"

"ይብዛ" አለች፣ ዓይኗን በእጇ ጀርባ እየጠረገች። "አንተ ብቻ ግባ።"