አምስት ጊዜ የተጠጣ ብርዝ

ተዋናይት ሩፈይዳ በጅሬን ኮረብታ ላይ ለቀረጻ በተከራዩት አሮጌ ቤት፣ ልብስ መቀየሪያው ክፍል ውስጥ ሞታ ስትገኝ ሜካፕዋ አልተነካም ነበር። በተከታታይ ድራማው ውስጥ እንድትሞት የታሰበው ገና በሚቀጥለው ወር ነበር።

ኢንስፔክተር ባህሪያ በሩ ላይ ቆማ ክፍሉን ለረጅም ጊዜ አየች። መስታወቱ ፊት አንዲት የሻይ ማንኪያ ተቀምጣለች። ዙሪያዋን ጉንዳኖች እግራቸውን ሰቅለው ሞተዋል። ውጭ ጉሙ እስከ መስኮቱ ወርዷል፤ ጄኔሬተሩን ማጥፋት ትዝ ያለው ሰው የለም።

በሦስተኛው ቀን ሐኪሙ ለቀረጻ ከቀረበው ብርሌ ውስጥ መርዝ አገኘ። ብርሌውን የሞላችው የዕቃ ኃላፊዋ ጵርስቅላ ታሰረች። ባሏ አሞጽ የአምስት ወር ልጃቸውን እንድታጠባ በቀን ሁለቴ ጣቢያ ያመላልስ ጀመር። ዓርብ ፍርድ ቤት ትቀርባለች፤ ከዚያ ማረሚያ ቤት ነው።

«ብርዙን ማን በጠበጠው?» አለቻት ባህሪያ።

«እኔ። ብርዝም አይደል እህቴ፣ ስኳርና ሻይ ጠብ ያለበት ውሃ ነው።»

«ስንት ጊዜ ሞላሽ?»

«አንዴ። ጠዋት።»

«ሩፈይዳ የምትጠጣበት ትዕይንትስ ስንቴ ተቀረጸ?»

«አምስቴ። ከእያንዳንዱ በኋላ ዕቃው ቦታው እንዳይዛነፍ በስልኬ ፎቶ አነሳለሁ። ስልኬ እናንተ ጋ ነው።»

ስልኩ በኤግዚቢትነት ታሽጎ ተቀምጦ ነበር። የከፈተው አልነበረም።

ዳይሬክተሩ ሙኒር ከአዲስ አበባ የመጣ፣ ሩፈይዳን በቴሌቪዥን ብቻ የሚያውቃት ሰው ነው። ጥያቄ አላስቸገረውም። «ሞኒተሩ ፊት ነበርኩ። አምስት ጊዜ ስትጎነጭ፣ ጉሮሮዋ ሲንቀሳቀስ ሁሉ አይቻለሁ። ሌላ ምን ማስረጃ ይፈልጋሉ?»

ሳይጠየቁ የቀሩት ሽማግሌው አባቦራ ናቸው። ከሩፈይዳ ጋር በከተማው መድረክ ላይ አሥራ ስምንት ዓመት ተውነዋል፤ በድራማው ግን ዘበኛ ሆነው በር ይከፍታሉ።

«የድራማውን ታሪክ የጻፈው ማነው?» አለች ባህሪያ።

አባቦራ ጢማቸውን ዳበሱ። «ዳይሬክተሩ እኔ ነኝ ይላል። ሩፈይዳ ግን የእርስዎ ነው አለችኝ። ድሮ ጽፌው መድረክ ላይ የሠራነው ቴአትር ነው፣ ስሙን ቀይሮታል። ቅዳሜ ሰው ፊት እናገራለሁ ብላ ነበር። ተይ ልጄ አልኳት። ወላሂ፣ እኔ ረስቼዋለሁ።»

«ይህን ሙኒር ያውቃል?»

«ኤዬ፣ ያውቃል። ራሷ ነገረችው።»

«ድምፅዋን በምን ነበር የምትጠብቀው?»

«በማር። በየእረፍቱ ትልሳለች። ድሮ እኔ ነበርኩ የማመጣላት፤ አሁን ዳይሬክተሩ ከሰኮሩ አንድ ብልቃጥ ይዞላት መጣ።»

ሐሙስ ከሰዓት ባህሪያ ሁሉንም እዚያው ቤት ሰበሰበቻቸው። ጵርስቅላ በካቴና መጣች። ባህሪያ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

«አምስት ፎቶ ነው። ብርሌውን እዩት። በአምስቱም ውሃው አንገቱ ላይ ነው፤ የሞላችው ደግሞ አንዴ ነው። ስለዚህ ሩፈይዳ አልጠጣችም። የመድረክ ልጅ ናት፤ ትን ብሏት ቃሉ እንዳይጠፋ ታስመስላለች እንጂ አትውጥም። አይደለም እንዴ፣ አባቦራ?»

«ከንፈሯ ብቻ ነው የሚርሰው» አሉ።

«እንግዲህ ያልጠጣችው አልገደላትም። መርዙ ብርሌው ውስጥ የገባው ከሞተች በኋላ ነው፤ ጵርስቅላን ለማስጠየቅ። ያን ያደረገው ሩፈይዳ እውነት የጠጣች የመሰለው ሰው ነው። አባቦራ እንደማትጠጣ ያውቃሉ። ብርሌውን የምታነሳው ጵርስቅላም ታውቃለች። የማያውቀው በሞኒተር ያያት ብቻ ነው።»

ሙኒር ፈገግ ለማለት ሞከረ። «ጉሮሮዋ ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ።»

«ለዚሁ አይደል የቀጠርካት?»

ማንም አልሳቀም።

«ብርሌውን ሙሉ ስታገኘው ደግመው የሞሉት መሰለህ» አለች ባህሪያ። «የገደላት ማሩ ነው። ማንኪያዋን የቀመሱት ጉንዳኖች እንኳ አልተረፉም፤ ብልቃጡ ግን ክፍሉ ውስጥ አልነበረም። ዛሬ ጠዋት ከመኪናህ መቀመጫ ሥር አወጣነው፤ ሐኪሙም መርዙን አግኝቶበታል። ቅዳሜ እንዳትናገር ነው።»

ጣቢያው ሁለተኛ ካቴና አልነበረውምና ያው ካቴና ከጵርስቅላ እጅ ወጥቶ ሙኒር እጅ ገባ።

አባቦራ ወለሉን እያዩ «ቢጠይቀኝ እኮ ቴአትሩን እሰጠው ነበር» አሉ።

ጵርስቅላ አልሰማቻቸውም። ልጇ ከጠባ ሰባት ሰዓት አልፎታል። የቀሚሷ ደረት በወተት ርሶ፣ የጅሬንን ቁልቁለት እየሮጠች ትወርድ ነበር።