ልውጣ ወይስ ልጠብቅ

ጠጋ ጠጋ በሉ። በሩንም ዝጉት። ውጭው ጨልሟል፣ አውቃለሁ። እናንተ የምትፈሩት ጨለማን ነው። እኔ ዛሬ የማጫውታችሁ ነገር የደረሰው ግን በጨለማ አይደለም። በቀትር ነው። ፀሐይ መሀል አናት ላይ ቆማ፣ የሰው ጥላ ከእግሩ ሥር ገብቶ ሲደበቅ። ከመካከላችሁ ቆላ ወርዶ የሚያውቅ ሰው አለ? እሱ ያቺን ሰዓት ያውቃታል። ወፍ አይጮህም። ፍየል አይንቀሳቀስም። መንገዱ ጭር ይላል፣ ጭር እንዳለም ይቀራል።

ጊዜው ሞባይል የሚባል ነገር ያልነበረበት ጊዜ ነው። ላቀው የሚባል የሬዲዮ ባለሙያ ነበር። የውሃ ጉድጓድ የሚቆፍር አንድ ድርጅት ቀጥሮት፣ በበረሃ መኪናዎቹ ላይ የመገናኛ ሬዲዮ ይገጥማል። ሚስት የለው፣ ልጅ የለው። በአንዲት የቆላ ከተማ ክፍል ተከራይቶ ብቻውን ይበላል፣ ብቻውን ይተኛል። ና እንጫወት ሲሉት ሥራ አለብኝ ይላል። ቀኑን ሙሉ የሌላውን ሰው ድምፅ ሲያገናኝ ይውላል፤ ማታ እሱን የሚያናግረው የለም።

ድርጅቱ ሬዲዮ ማስገጠም ለምን አስፈለገው? በመኩሪያ ምክንያት ነው። መኩሪያ ሾፌር ነበር። አንድ ቀን ብቻውን ወደ ሩቁ ካምፕ ሲሄድ መኪናዋ አሸዋ ውስጥ ተቀረቀረች። የሚጣራበት ሬዲዮ አልነበረውም። ጠበቀ፣ ጠበቀ፣ ውሃው አለቀበት። በመጨረሻ ከመኪናዋ ወርዶ በእግሩ ሄደ። ፈላጊዎቹ መኪናዋ ጋ የደረሱት እሱ በሄደ ማግስት ነው። ትንሽ ቢታገስ ኖሮ በሕይወት ያገኙት ነበር። ያገኙት ግን ሬሳውን ነው፣ ቁጥቋጦ ሥር።

ከዚያ ወዲያ ሬዲዮ የሌላት መኪና ከግቢ አትወጣም ተባለ። ላቀው በመኪናዎቹ ላይ አንድ በአንድ ሬዲዮ ገጠመ። በመጨረሻ አንዲት ብቻ ቀረችው። የትኛዋ ትመስላችኋለች? አዎ፣ የመኩሪያ መኪና። ከአሸዋው ጎትተው አውጥተው፣ ቁፋሮው አልቆ ባዶ በቀረው በዚያው ሩቅ ካምፕ፣ አንድ ግራር ሥር አቁመዋት ነበር።

ላቀውን አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ወስዶ አደረሰው፤ ሲመሽ እመለሳለሁ ብሎትም ሄደ። ካምፑን የሚጠብቀው ሁመድ የሚባል የአገሩ ሰው ነው። ሁመድ ፍየሎቹን ውሃ ሊያጠጣ ሲነሳ፣ ቀትር ላይ እዚያች መኪና ውስጥ አትቀመጥ፣ ዳሱ ሥር አረፍ በል አለው። ላቀው ሳቅ ብሎ እሺ አለ። እሺ አለ እንጂ አላረፈም።

ጣሪያዋን በእጅ መሰርሰሪያ በስቶ አንቴናውን አቆመ። ገመዱን በበሩ ጎማ ሥር አሾልኮ ወደ ጋቢና አስገባ። ሬዲዮውን ከመሪው ጎን፣ ከክሩስኮቱ ሥር በብሎን አሰረ። ኮፈኑን ከፍቶ፣ ይዞት የመጣውን አዲስ ባትሪ አስቀምጦ ሽቦውን አገናኘ። ቀና ሲል አንቴናው ይርገበገባል። ነፋስ ነበር? አልነበረም። የግራሩ ቅጠል እንኳ ቀጥ ብሏል። አንቴናው ግን ሰው በጣቱ ስቦ እንደለቀቀው ይርገበገባል። ላቀው፣ እኔ ነክቼው ይሆናል አለ በልቡ። ይዞ አስቆመው።

ከዚያ በሾፌሩ ወንበር ተቀመጠ። መነጋገሪያውን አንስቶ ከተማ ያለችውን የሬዲዮ ሠራተኛ፣ እልፍነሽን፣ ጠራት። ይሰማል ወይ አላት። ይሰማል አለችው። አጥር ማዶ እንዳለ ጎረቤት ጥርት ብላ ነው የምትሰማው። ደስ አለው። ቀጥላ ምን አለችው?

«ላቀው፣ አጠገብህ ያለውን ሰው ዝም በል በለው። አንተን መስማት አቃተኝ።»

ላቀው ዞር ብሎ አየ። ማንም የለም። በመስኮቱም አየ። ሜዳው ባዶ ነው። ብቻዬን ነኝ አላት። እሷ ግን የምትሰማውን ትሰማለች። ምን እያለ ነው ብሎ ጠየቃት።

«ውሃው አለቀ ይላል። ልውጣ ወይስ ልጠብቅ እያለ ይጠይቃል። ማነው ሰውዬው?»

ላቀው ሳይመልስላት ድምጿ ራቀ። ራቀ፣ ራቀና ጠፋ። የቀረው ሽው የሚል ነገር ብቻ ነው። በዚያ ሽውታ ውስጥ ደግሞ ትንፋሽ አለ። የደረቀ ጉሮሮ ትንፋሽ። ከትንፋሹ ውስጥ ቃሉ ቀስ በቀስ ወጣ።

«ልውጣ ወይስ ልጠብቅ?»

እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር? ላቀው ፈራ። ፈራ፣ ግን ድምፁ የማን እንደሆነ ገባው። ያን ጊዜ ይህን ጥያቄ የሚመልስለት አንድ ሰው እንዳልነበረ ያውቃል። መነጋገሪያውን ወደ አፉ አስጠጋ።

«ጠብቅ» አለ። «ከመኪናው አትውረድ። ሰው እየመጣልህ ነው።»

ሬዲዮው ጸጥ አለ። በጎኑ ያለው ባዶ ወንበር ግን ሲጢጥ አለ። ስፖንጁ ቀስ እያለ ወደ ታች ሰመጠ፣ የደከመው ሰው እንደሚቀመጥበት። ከዚያ ድምፁ መጣ። በሬዲዮው አይደለም። በጆሮው ሥር ነው።

«እሺ። አብረን እንጠብቃለን።»

ላቀው በሩን እንዴት እንደከፈተው አያውቅም። ሮጠ። ውሃ አልያዘ፣ ባርኔጣ አላደረገ፣ ዝም ብሎ ሮጠ። ቆሞ ዞሮ ሲያይ ካምፑ ጠፍቶታል። በየት በኩል መጣ? ሜዳው ሁሉ አንድ ዓይነት ነው። ሄደ፣ ሄደ። ምላሱ ደረቀ። ስሜን የሚጠራ ሰው ቢኖር ብሎ ጆሮውን አቀና። የሚጠራው የለም። ብጠፋ ማነው የሚፈልገኝ ብሎ ራሱን ጠየቀ። አንድም ሰው በሐሳቡ አልመጣለትም። ከሁሉ ነገር ይህ ከበደው።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሁመድ ዱካውን ተከትሎ ደረሰበት። ቁጥቋጦ ሥር ተጋድሞ ነበር። ውሃ በጥቂት በጥቂቱ አጠጣው። ላቀው ነፍስ ሲዘራ የሆነውን ሁሉ ነገረው። ሁመድ አልሳቀም። መኩሪያንም ያገኘነው እዚሁ ቁጥቋጦ ሥር ነው አለው። ቀጥሎም እንዲህ አለ፦

«ጠብቅ ብለኸው ነው የመጣኸው። ሰው ጠብቅ ተብሎ አይተውም።»

ተደጋግፈው ተመለሱ። ላቀው ጋቢናው ውስጥ ገባ፤ ሁመድ ከደጅ በሩን ይዞ ቆመለት። ሬዲዮው እንደተወው ሽው ይላል። ላቀው መነጋገሪያውን አነሳ።

«መኩሪያ፣ አግኝተንሃል» አለ። «ወደ እናትህ አገር ወስደው ቀብረውሃል። ተለቅሶልሃል። ከእንግዲህ አትጠብቅ፣ እረፍ።»

ሽውታው ቆመ። ሁለቱም አዳመጡ። ምንም የለም። ብዙ ቆዩ። በቃ አለፈ ብሎ ሁመድ ሽቦውን ከባትሪው ነቀለ። የሬዲዮው መብራት ጠፋ። ጠፍቶ፣ ሞቶ፣ ከማንም ጋር ሳይገናኝ፣ ከውስጡ ድምፅ ወጣ፦

«ታዲያ ለምን ብቻዬን ነኝ?»

እናንተ ለዚህ መልስ አላችሁ?

የጭነት መኪናው ሲመጣ ሁለቱም ተሳፍረው ከዚያ ወጡ። ሁመድ በማግስቱ ፍየሎቹን ብቻ ሊወስድ ተመለሰና ወደ ዘመዶቹ ሄደ። ላቀው ክፍሉን ለቆ፣ ተከራይ የበዛበት፣ ልጆች የሚንጫጩበት ግቢ ገባ። ሰው ና ሲለው ይሄዳል። ሰው ባይጠራውም ይሄዳል። መኪናዋን የሚነዳ ጠፋ፤ ዛሬም እዚያው ቆማለች ይባላል።

በሉ፣ የእኔ ይኸው ነው። ወደየቤታችሁ ስትሄዱ ማንም ብቻውን እንዳይወጣ። ሁለት ሁለት ሆናችሁ ሂዱ። ጨለማው ውስጥ ከጎናችሁ የሚሄደውን ሰው በስሙ ጥሩት። ሲመልስላችሁም በደንብ አዳምጡ፣ ድምፁ የእሱ መሆኑን።